ተርቦዋ በማን እጅ እንደተቃጠለች

ዛሬ ማክሰኞ፣ ሰኔ አራት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከጋራዦቹ መተላለፊያ መጨረሻ ባለው የሥራ ቤቴ ተቀምጬ ይህን ቃሌን ለጸሐፊ እየተናገርኩ አስጽፋለሁ። ዕድሜዬ አምሳ አንድ ነው። ሥራዬ መካኒክነት ነው፤ በተለይ ተርቦ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር በኃይል የምትነፋ ማራገቢያ፣ ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ሞተር እቀይራለሁ፣ ጉልበት እጨምራለሁ። በመተላለፊያው ያለ ሰው ሁሉ ብሎን ይለኛል፤ ትንሽ ስለሆንኩና አንዴ ከጠበቅኩ ስለማልላላ ነው ይላሉ። ልቤ ታሟል እንጂ ጭንቅላቴ ጤነኛ ነው። የምናገረውን አውቃለሁ፤ ያስገደደኝም የለመነኝም ሰው የለም።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ ልቤ ይከፈታል። ሐኪሙ «ቫልቭ ነው» ሲለኝ «የማስገቢያው ነው የማስወጫው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ሞተር ከፍቶ እንደነበረው እመልሰዋለሁ ብሎ የሚምል መካኒክ ውሸታም ነው፤ ሐኪሙም አልማለልኝም። ስለዚህ ኑዛዜዬን ዛሬ ማድረግ ወደድኩ።

ምስክሮቼ አራት ናቸው፦ ባለ ቶርኖው፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ፣ ጎሚስታው፣ አራተኛው ጆሮ የምንለው የቀድሞ የሥራ ባልንጀራዬ። ጆሮ ሞተር አዳምጦ ሕመሙን ሳይፈታ የሚናገር መካኒክ ነበር። ከእኔ ጋር ቃል ሳይለዋወጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሰላምታ ብልክለት አይቀበልም፤ ለምስክርነት ተጠርቶ ግን ቀርቶ አያውቅም። ይህን ስለማውቅ በምስክርነት ጠራሁት፤ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለእሱ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ። እሱን ሳልናገር ሐሙስ እንዳይደርስብኝ ነው የምፈራው። ሌላው ሌላው ቢጎድል ግድ የለኝም።

ታናሽ ወንድሜም ከበሩ አጠገብ አለ። በክፍሉ የሚነገረውን ሁሉ እንዲጽፍ ጸሐፊውን አዝዤዋለሁ። ይህን ስል ሳል ያዘኝ። «ሳሉንም?» አለኝ። «ሳሉን ተወው» አልኩት።

አንደኛ። ይህ የሥራ ቤትና ከጀርባው ያለችው መኝታ ክፍሌ ለታናሽ ወንድሜ ይሁኑ። በክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ከተጋጨ መኪና የፈታሁት አንድ የፊት ወንበር አለ። ወንበሩ አንድ የሆነው ሁለተኛ የሚፈልግ ሰው ገብቶ ስለማያውቅ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ እናታችን የሞተች ጊዜ ለለቀስተኛው «እህቴ ቢሮ ነው የምትሠራው» ብለህ ጥቁር ጥፍሬን እንድሸፍንበት ጓንት አመጣህልኝ። በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን አደረግኩት። አልረሳሁትም። እንዲህም ሆኖ ስልኬ ከደንበኛ ሌላ የሚጠራው በአንተ ነው፤ ይህንንም አልረሳሁም።

ኋላ ከምናገርላት ከቀይዋ መኪናዬ ያወጣሁት የመጀመሪያው ሞተርም ለወንድሜ ይሁን። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «የፋብሪካውን መልሰሽ ሽጫት» እያለ ሲመክረኝ ኖሯል። ይኸው ከጥጉ በሸራ ተሸፍኖ አለ፤ ዘይት እየቀባሁ አቆይቼለታለሁ።

«እታለም፣ የት ላድርገው?» አለ ወንድሜ።

«ሳሎንህ።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በመሐረቧ ያዘች። ጆሮ አልሳቀም።

ሁለተኛ። የተሰፋው ጥራዜ ለወንድሜ ልጅ ይሁን። በሌላ ከተማ በውሃ ማጣሪያ ውስጥ ፓምፕ ትጠግናለች፤ አባቷ «ኃላፊ ናት» ይላል። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። የመለዋወጫ መደብር እጠርግ በነበረ ጊዜ ዕቃው ተጠቅልሎ የሚመጣው በመኪና ጥገና መጻሕፍት ቅዳጅ ነበር። ሌላው ይጥለዋል፤ እኔ ቤት ወስጄ በካውያ አቃናው ነበር። ቋንቋውን አላውቅም፤ ሥዕሉን በቀስቶቹ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ ቃላቱም እያደር አንድ በአንድ ገቡኝ። ሁለት መቶ ሰባት ቅጠል ሰብስቤ በልብስ ሰፊዋ ክር ሰፋሁት። ቅጠሎቹ አይከታተሉም፤ ስለ አንዱ መኪና ነዳጅ ፓምፕ ይጀምርና ሲገለጥ የሌላ መኪና ፍሬን ይሆናል። እኔም ብዙ ነገር ከመሃሉ የማውቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥራም፣ ሰውም። ልጄ ሆይ፣ ያልገባሽን ሰው ፊት ጠይቂ። እኔ እያፈርኩ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ይበዛል።

ሦስተኛ። በግቢዬ ስለቆሙት የደንበኞች መኪኖች። የዳቦ ጋጋሪው መኪና «የተርቦዋን ግፊት ከፍ አድርጊልኝ» እየተባልኩ አራት ወር ተለምኜባታለሁ። አላደረግኩትም፤ ከእኔ በኋላ የሚይዛትም እንዳያደርገው። መጀመሪያ የነዳጅ ፓምፗ በትልቅ ይለወጥ። አየሩ በዝቶ ነዳጁ ካነሰ እሳቱ ከልክ በላይ ይግላል፣ ፒስተኗም እንደ ሻማ ይቀልጣል። ጉልበት መጨመር ማለት ብሎን ማዞር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንዱን ክፍል ካበረታህ የቀሩት ሁሉ መቻል አለባቸው፤ ከሞተሩ ውስጥ የሚሰበረው ሁልጊዜ ሳታየው ያለፍከው ነው።

አሮጌ ባለ ተርቦ መኪና የምትነዱ ሁሉ፣ ከሩጫ መልስ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። ተርቦዋ በጋለ የሞተር ጭስ እየተሽከረከረች ነው፤ ዘንጓን የሚያቀዘቅዘው የሞተሩ ዘይት ብቻ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ይቆማል፣ እሷ ግን አትቆምም፤ ያኔ ትደርቃለች። ሁለት ደቂቃ ቁጭ በሉ። እኔ ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ያችን ሁለት ደቂቃ ነበር። የሰው መኪና ሞክሬ ስመለስ በሩ ላይ አቁሜ እቀመጣለሁ። የሰው ሽቶ ይሸተኛል፤ ከኋላ ወንበር የልጅ ጫማ፣ የገበያ ዝርዝር፣ የታጠፈ ሹራብ ይኖራል። ዝርዝሩን አነብባለሁ፦ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ለእማማ መድኃኒት። ሁለት ደቂቃዋ ሲያልቅ አጠፋና ማንም ወደማይጠብቀኝ ክፍል እገባለሁ። አንዳንድ ቀን አምስት ደቂቃ አደርጋታለሁ፤ ለተርቦዋም አይከፋም።

አራተኛ። መፍቻዎቼ፣ ክሪኩና የአየር መጭመቂያው ለሰባቱ ጋራዦች በጋራ ይሁኑ። ማንም ቤቱ አይውሰዳቸው። አሥር ቁጥሩ መፍቻ የለም፤ የወሰደው ሰው ራሱን ያውቃል።

«ነገ አመጣዋለሁ፣ እትዬ» አለ ጎሚስታው አቀርቅሮ።

አምስተኛ። አሁን ወደ ቀይዋ መጣሁ።

ቀይዋ ባለ አራት በር አሮጌ መኪና ናት። ጆሮና እኔ ሦስት ዓመት፣ እሑድ እሑድ፣ ሠራንባት። ትንሹን ሞተሯን አውጥተን ከተገለበጠ ትልቅ መኪና የፈታነውን ባለ ተርቦ ሞተር አስገባንላት። አዲሱ ሞተር ስለማይቀመጥላት የሚያርፍበትን ብረት ጆሮ ቆርጦ በየደ። የኤሌክትሪክ ገመዱን እኔ ከቅጠሎቼ እያየሁ አገናኘሁ። ባለ ቶርኖው ከካምቢዮው የሚወጣውን ዘንግ አሳጠረልን። ቀትር ላይ እጃችንን በነዳጅ ታጥበን ኮፈኗ ላይ ጋዜጣ ዘርግተን ምሳ እንበላ ነበር። ካደግኩ ወዲህ ከሰው ጋር በአንድ ገበታ የበላሁት በእነዚያ እሑዶች ነው።

በመጨረሻው እሑድ የቀረን ወደ ተርቦዋ ዘይት የሚያስገባው ቱቦ ብቻ ነበር። ጆሮ ቅዳሜ ሲሄድ «ነገ ካልተነሳች ለብረት ለቃሚ ነው የምሰጣት» ብሎኝ ነበር። ሲቀልድ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ከልቡ መሰለኝ፤ መኪናዋ ስትሄድ እሑዶቹም አብረው የሚሄዱ መሰለኝ። ስለዚህ ጠዋት ሳይመጣ ልጨርሰው ተነሳሁ። የቱቦው ራስ ላይ የሚቀመጠው የመዳብ ቀለበት ያገለገለ ነው። ያገለገለ መዳብ ይደርቃል። ደንቡ በእሳት አቅልቶ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሲለሰልስ መልሶ መግጠም ነው፤ ይህን ያስተማረኝም ጆሮ ነው። ጋዜ አልቆ ነበር። ቀለበቱን እንደደረቀ አስገባሁና እንዳያንጠባጥብ ዙሪያውን ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆን ሲሊኮን ቀባሁት። አብዝቼ ቀባሁት። ቱቦውን ሳጠብቀው የተረፈው ወደ ውጭ እንደሚወጣ ሁሉ ወደ ውስጥም እንደሚገባ አላሰብኩም።

ጆሮ መጣ፤ ሞተሩን አስነሳነው። ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ ሰማና «ንጹሕ ናት፤ ትሂድ!» አለ። የመተላለፊያው ሰው ሁሉ ወጥቶ እያየ ነበር። መሪውን እሱ ያዘ። ትልቁን ዳገት እኩል ሲያደርስ ተርቦዋ ጮኸች፣ ጭስ ወጣ፣ መኪናዋ ቆመች። ኮፈኑን ቢከፍተው እሳት ነበር፤ እሳቱን ሲያጠፋ ግራ እጁ ተቃጠለ።

እጁ በሁለት ወር ዳነ። ስሙ ግን አልዳነም። «ጆሮ ንጹሕ ናት ያላት መኪና ዳገት አልጨረሰችም» ይባል ጀመር። ሰው ሲያስል እንኳ «ጆሮን ጥሩትና ይስማህ፤ ንጹሕ ነህ ይልሃል» እያሉ ይስቁ ነበር። በዓመቱ የሚጠራው ደንበኛ አልነበረውም። ዛሬ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ትኬት ይቆርጣል።

እኔ ተርቦዋን የፈታኋት ከእሳቱ በሦስተኛው ቀን ነው። የዘይቱ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ትል የተጠቀለለ ሲሊኮን አገኘሁ። ጆሮ ሲሊኮን በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ «የሰነፍ ብየዳ» ነበር የሚለው። ስለዚህ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቀይዋን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አየሁት፣ አወቅኩት፣ ዝም አልኩ።

ለምን ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ፈራሁ። በመተላለፊያው ያለሁት ሴት መካኒክ እኔ ብቻ ነኝ፤ «አላልናችሁም?» የሚሉት ሰዎች ከንፈራቸው ላይ ይዘውት ይጠብቁ ነበር። በሚቀጥለው ወር እነግረዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ወር ጥፋቴ ሁለት ሆኖ ጠበቀኝ፤ ማቃጠሌና መደበቄ። ከዚያ በየወሩ እየከበደ ሄደ። እሱ ያኮረፈኝ ደግሞ በሌላ ነገር ነው፤ ሰው ሲስቅበት አጠገቡ ቆሜ አንድ ቃል ስላልተናገርኩለት። የቀረውን አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ጆሮ ተነሳ። የተባባልነው ይህ ነው።

«የት አለ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሲሊኮኑ ነዋ!»

ከመሳቢያዬ፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ያስቀመጥኩትን አውጥቼ ሰጠሁት። በጥፍሩ ጫን አደረገው፤ አሸተተው፤ ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን ላይ አየው።

«ያን ጠዋት የሰማሁት ድምፅ . . .»

«ንጹሕ ነበር። በትክክል ነው የሰማኸው። በቆመችበት ሞተሯ ሲዞር የሚበቃት ዘይት ያልፍ ነበር። ትሉ ተንሸራቶ ቀዳዳውን የደፈነው ዳገቱ ላይ ነው።»

«ሦስት ሐኪም ጋ ሄጃለሁ እኮ!» አለ። «ሦስት! ጆሮዬን አስመርምሬ! ሦስቱም ደህና ነህ አሉኝ፤ ሦስቱንም አላመንኳቸውም። ሚስቴ ስታናግረኝ "ምን አልሽ?" እላታለሁ፤ እየሰማሁ! ልክ የሰማሁ አይመስለኝም። በሬ ተንኳኳ ብዬ ወጥቼ ሰው ባላገኝ፣ "ይኸው፣ ለይቶልሃል" እላለሁ ለራሴ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ቆይ። ቆይ አንቺ ሴትዮ፣ ይቅርታሽን አታስቸኩዪብኝ።»

ልብስ ሰፊዋ «ተው እንጂ ጋሼ፣ የታመመች ሰው ናት» አለችው።

«እኔስ? እኔ እኮ ሳልታመም ነው አሥራ አንድ ዓመት የታመምኩት!»

ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ቀጥል አልኩት። ቀይዋ ከነሊብሬዋና ከተፈታው ሞተሯ ጋር ለጆሮ ትሁን አልኩ።

ጸሐፊው አልጻፈም። «ይሄ አይሆንም» አለ። «ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው ከኑዛዜው ምንም አይወስድም። ወይ ይመስክር፣ ወይ ይውረስ።»

ስለ ኑዛዜ የማውቀው እንዲሁ ዕቃ ተጠቅልሎበት ከመጣ አንድ የሕግ መጽሐፍ ቅጠል ያነበብኩትን ነው፤ የቅጠሉ ታችኛው ግማሽ የለም። ይህ ነገር የተጻፈው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

«እንግዲያው መኪናዋን እኔ . . .» አለ ወንድሜ።

«አንተ ሞተርህን ይዘህ ዝም በል» አለው ባለ ቶርኖው።

ጆሮ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«መኪናዋን አልፈልግም» አለ። «የተጠራሁት ልመሰክር ነው፤ እመሰክራለሁ። ግን ይሄ ወረቀት ታሽጎ የሚከፈተው ስትሞቺ አይደለም? ብትድኚስ? ሌላ ሃያ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ልቀመጥ?»

«ምን ላድርግ?»

«ይነበብ። አሁን፣ ውጭ፣ ሁሉም ባለበት። አምስተኛው ብቻ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ወንድሜ «እታለም፣ እንዳታደርጊው። ብትድኚ ነገ እዚሁ ነው የምትሠሪው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለካ የሚናዘዝ ሰው አንድ መሸሸጊያ አለው፤ ቃሉ ሲሰማ እሱ አይኖርም። እኔም ሳላውቀው በዚያ ተከልዬ ነበር። ሐሙስ ብሞት የሚናገሩትን አልሰማም፤ ብድን ግን በዚህ በር ወጥቼ ዓይናቸውን ማየት አለብኝ። ልቤ በኃይል ሲመታ ተሰማኝ፤ ልብስ ሰፊዋ ውሃ ሰጠችኝ። ከጠጣሁ በኋላ «ይነበብ» አልኩ።

ስለዚህ ቀይዋ ለወንድሜ ልጅ ትሁን። ልጄ፣ የሞተሩን የዘይት መንገዶች ሁሉ ሳታጥቢ፣ ጆሮም ፈቅዶ መጥቶ ሳይሰማት፣ መንገድ ላይ አታውጫት። እንዲመጣልሽ የመለመን መብት እኔ የለኝም፤ አንቺ ግን አልበደልሽውምና ለምኚው።

የሚከተለው ከንባቡ በኋላ የተጻፈ ነው።

ጸሐፊው በመተላለፊያው መሃል ቆሞ አነበበ። መጀመሪያ ማንም አልሰማውም፤ ባለ ቶርኖው እየዞረ ማሽኖቹን አስጠፋ። እኔ በበሬ መቃን ተደግፌ ቆምኩ። ሰው ሲያስል «ጆሮን ጥሩት» የሚለውን ቀልድ ያመጣው የመኪና ቀለም ቀቢ ጭምብሉን ከአፉ አወረደ። ሲያልቅ አንድም ሰው አልሳቀም። ጥቂቶቹ ወደ እኔ አዩና ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ፤ ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ሹፌር መጥቶ «አይክፋሽ፣ እትዬ፤ ጌታዬ መኪናዋን ሌላ ጋራዥ ውሰድ ብለውኛል» አለኝ። ንባቡን በስልክ አሰምቷቸው ኖሯል። ቁልፏን ከመስቀያው አንስቼ ሰጠሁት። የነዳጅ ፓምፑን ነገር እንዲነግርልኝ አሳሰብኩት።

ጆሮ ከማዶ ለብቻው ቆሞ ነበር። የሦስተኛው ጋራዥ ሽማግሌ ከተከፈተ ኮፈን ሥር ቀና ብለው «ጆሮ! ና እስቲ፣ ይቺን አንዴ ስማልኝ። ሳምንቴን በልታዋለች» አሉት። እሱ ግን አልተነቃነቀም። «አንተን እኮ ነው!» አሉት። ያኔ ሄደ። ረጅም ካቻቪቴ ተቀበለ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። የተበተኑት ሰዎች ተመልሰው ከበቡት። የተናገረው ወደ እኔ አልደረሰም። ሽማግሌው ግን ጭናቸውን መቱ፣ ሰዉም ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሲስቅ አየሁት። እኔን የጠራኝ የለም። እንዲህ መሆን የነበረበት አሥራ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ገብቼ ተቀመጥኩ።

ሌላ የምጨምረው ቃል የለኝም። ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት ኑዛዜ የለም። ከሐሙስ ብመለስ አምስተኛው እንደተነበበ ይቆያል፤ አላስፍቀውም።

ተናዛዥ፦ ብሎን የምባለው፣ በእጄ ፈረምኩ።

አንደኛ ምስክር፦ ባለ ቶርኖው፤ ሲነገርም ሲነበብም ነበርኩ።

ሁለተኛ ምስክር፦ ልብስ ሰፊዋ፤ ነበርኩ።

ሦስተኛ ምስክር፦ ጎሚስታው፤ ነበርኩ።

አራተኛ ምስክር፦ ጆሮ። ተመልሶ ስላልገባ ወረቀቱን እኔ ጸሐፊው ይዤለት ወጣሁ። በሰው መኪና ኮፈን ላይ አስደግፎ ፈረመ። ከፊርማው ጎን ያለው ጥቁር ቅባት የአውራ ጣቱ ነው፤ ተናዛዧ አይጠረግ ብላለች።